ስለ መስቃን ማእድ፦ የቆጮና የክትፎ ዝምድና

ስለ ሩቅ አገር ከተሞች በምንጨዋወትበት ጊዜ አንድ ነገር አስተውለናል። ብዙ ጊዜ ከተማው የሚታወሰው በምግቡ ነው። ናፖሊ ሲነሣ ወዲያው ፒዛ ይነሣል፤ ኒው ዮርክና ቺካጎም እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ፒዛ አላቸው ይባላል። ከዚያ በኋላ ጨዋታው ወደ አገራችን ይዞርና «ቡታጅራ የሄደ ሰው ምን ይብላ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። መልሱም ሳይዘገይ «ክትፎ ነዋ!» ይሆናል።

ይህ መልስ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ግማሽ መልስ ነው። ክትፎ በመስቃንም ሆነ በሌላው የጉራጌ አገር ብቻውን የቆመ ምግብ ሆኖ አያውቅም። ከሥሩ ቆጮ አለ፤ ከቆጮው ሥር እንሰት አለ፤ ከእንሰቱ ሥር የከብት ፍግ አለ፤ ከሁሉም ጋር የሴቶች እጅ አለ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ሰንሰለት በየተራ ማሳየትና የመስቃን ማእድ በአንድ ጓሮ ውስጥ ያለው ሥራ ሁሉ በአንድ ጣባ ላይ የሚታይበት መሆኑን ማስረዳት ነው። ሰንሰለቱ ከአንዱ ቦታ ቢበጠስ ሌላው እንደማይተርፍም በመጨረሻ እናመለክታለን።

አገሩና ሕዝቡ

ቡታጅራ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የመስቃን ዋና ከተማ ናት። በዓለም ገና በኩል የሚሄደው መንገድ የትክል ድንጋዮቿ በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡትን ጢያን አልፎ ወደ እርሷ ያደርሳል። ከተማይቱ በስተ ምዕራብ የዘቢዳር ተራራ ከፍ ብሎ ይታያታል፤ በስተ ምሥራቅ ደግሞ አገሩ ወደ ስምጥ ሸለቆው ዝቅ እያለ ይሄዳል። በአስተዳደር ረገድ አካባቢው ለብዙ ዓመት በጉራጌ ዞን ሥር ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲቋቋም ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆናለች። ወልቂጤ በጅማ መንገድ ላይ የጉራጌ ዞን መቀመጫ እንደሆነች ቀጥላለች።

ይህ የመሬት አቀማመጥ ለምግቡ ትልቅ ትርጉም አለው። ወደ ተራራው የተጠጋው ደጋና ወይና ደጋ የእንሰት አገር ነው። ወደ ምሥራቅ ዝቅ የሚለው ቆላማ መሬት ደግሞ የበቆሎና የበርበሬ አገር ነው። ቀድሞ ከመስቃን ጋር በአንድ ወረዳ ይጠራ የነበረው ማረቆ በበርበሬው በመላ ኢትዮጵያ የታወቀ መሆኑን አንባቢ ያውቃል፤ «ማረቆ ፋና» የሚባለው የበርበሬ ዘርም ስሙን የወሰደው ከዚሁ አገር ነው። ስለዚህ የቡታጅራ ገበያ የሁለት አገር መገናኛ ነው፤ ከላይ ቆጮ፣ ቅቤና ጎመን ይወርድላታል፤ ከታች በቆሎና በርበሬ ይወጣላታል።

ሕዝቡን በተመለከተ እስላሙና ክርስቲያኑ በጉርብትና ተቀላቅለው ይኖራሉ። ሥጋው በየእምነቱ ሥርዐት ይታረዳል፤ ቆጮው፣ ጎመኑና ቅቤው ግን የሁሉም ነው። በዓሉም ቢለያይ የበዓሉ ማእድ አንድ ዐይነት ነው፤ ለክርስቲያኑ መስቀል፣ ለእስላሙ አረፋ፣ በተለያየ ከተማ የተበተነውን ልጅ ሁሉ ወደ አባቱ ቤት የሚጠሩ በዓላት ናቸው።

የማእዱ መሠረት፦ እንሰት

እንሰት ሙዝን የሚመስል፣ ነገር ግን ፍሬው የማይበላ ተክል ነው። በዱር የበቀለው ዘሩ በምሥራቅና በደቡብ አፍሪቃ ይገኛል፤ ሰው ተክሎና ተንከባክቦ ለምግብ የሚያውለው ግን በኢትዮጵያ ብቻ ነው። በዛሬው ጊዜ በእንሰት የሚኖረው ሕዝብ እስከ 20 ሚሊዮን ይደርሳል ተብሎ ይገመታል። ከሰሜን የመጣን ተማሪዎችም ተክሉን ፈጽሞ አናውቀውም ማለት አንችልም። በጎንደርና በጎጃም ድፎ ዳቦ የሚጋገርበት ኮባ ይኸው ተክል ነው። ልዩነቱ በሰሜን ቅጠሉ ለመጋገሪያ ሲያገለግል፣ በጉራጌ አገር ተክሉ ራሱ እንጀራ መሆኑ ነው።

አሜሪካዊው የኅብረተሰብ ጥናት ምሁር ዊልያም ሻክ እ.ኤ.አ. በ1966 ስለ ጉራጌ ባሳተመው መጽሐፍ ሕዝቡን «የእንሰት ባህል ሕዝብ» በማለት የጠራው በዚህ ምክንያት ነው። የቤቱ አቀማመጥ፣ የወንድና የሴት የሥራ ክፍፍል፣ የሀብት መለኪያ፣ ሁሉም ከእንሰቱ ጋር የተያያዘ ነው። በቤት ዙሪያ የሚታየው የእንሰት ብዛትና ውፍረት የባለቤቱን ጉብዝና ይናገራል።

እንሰት ከዘር አይተከልም። የበሰለ እንሰት ሥር ተቆርጦ፣ የመካከሉ እምቡጥ ተነሥቶ ይቀበራል፤ ከዚያ በዙሪያው ብዙ ችግኝ ያወጣል። ችግኙም ባለበት አይተውም። በጉራጌ አገር ደጋግሞ ነቅሎ መትከል የተለመደ ነው፤ በየጊዜው ወደ ሰፊ ቦታ እየተዛወረ ግንዱ ይወፍራል። በዚህ መንገድ ተክሉ ለመድረስ እንደ አየሩ ሁኔታ ከ4 እስከ 7 ዓመት፣ በብርዳማው ደጋ ከዚያም በላይ ይወስዳል። ስለዚህ ዛሬ የሚበላው ቆጮ ከብዙ ዓመት በፊት የታሰበ ምግብ ነው። ጤፍ የዘራ ሰው በዓመቱ ያጭዳል፤ እንሰት የተከለ ሰው ግን ዛሬ የተወለደው ልጁ ከብት ለመጠበቅ ሲደርስ ይበላዋል።

ይህ መዘግየት እንደ ጉድለት ሊታይ ይችላል፤ በሌላ በኩል ግን ትልቅ በረከት አለው። እንሰት የመከር ወር የለውም፤ በችግር ጊዜ ገና ያልደረሰውም ይነቀላል። ዝናብ አንድ ዓመት ቢቀር ጓሮው አይራቆትም። ከ40 እስከ 60 እንሰት አምስት ወይም ስድስት ነፍስ ያለበትን ቤተ ሰብ ለዓመት ሊመግብ ይችላል ተብሎ ተሰልቷል። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት እንሰትን «ረኃብን የሚመክት ዛፍ» ያለው ያለ ነገር አይደለም።

ይሁን እንጂ እንሰት ያለ ከብት አይሆንም። መሬቱ ዓመት እስከ ዓመት ሳይታደስ የሚሸከመው የከብት ፍግ ስለሚሰጠው ነው። ከብቱም በበኩሉ በበጋ ሣር ሲጠፋ የእንሰት ቅጠል ይመገባል። እንግዲህ ላሟ እንሰቱን ታቆማለች፤ እንሰቱም ላሟን ያቆማል። ከላሟ ቅቤና አይብ ይገኛል፤ በፍጉ ከዳበረው መሬት ጎመን ይቆረጣል፤ በበዓል ቀን ሥጋው ይታረዳል። ይህን ያስተዋለ ሰው የክትፎው ማእድ ለምን በቆጮ፣ በአይብ፣ በጎመንና በቅቤ እንደሚቀርብ ሌላ ምክንያት መፈለግ አያስፈልገውም። ሁሉም ከአንድ አጥር ውስጥ የወጡ ናቸው።

ቆጮ እንዴት እንደሚዘጋጅ

የእንሰት ግንድ የሚመስለው ክፍል እውነተኛ ግንድ ሳይሆን እርስ በርሱ የተደራረበ የቅጠል እግር ነው። ተክሉ ከተነቀለ በኋላ ይህ ክፍል ይላጥና እያንዳንዱ ልጥ በተጋደመ ሳንቃ ላይ ተደግፎ በቀርከሃ ወይም በሌላ መፋቂያ ይፋቃል። ለስላሳው ክፍል ወደ ታች ይወርዳል፤ በእጅ የሚቀረው ጭረት ቃጫ ነው። ቃጫውም አይጣልም፤ ታጥቦና ደርቆ ገመድ ይሆናል፤ ወደ ገበያም ይወጣል። ከሥሩ ያለው አሚቾ የሚባለው ክፍል ይከተከትና ከተፋቀው ጋር ይደባለቃል፤ ወይም እንደ ድንች ተቀቅሎ ይበላል።

ሥራው የሴቶች ነው፤ ተከላው ደግሞ የወንዶች። ቀኑ በሙሉ ጉልበት የሚጠይቅ ስለሆነ ጎረቤታሞች ተሰብስበው በደቦ ይፍቃሉ፤ ዛሬ በአንዷ ጓሮ፣ ነገ በሌላዋ።

ከተፋቀው ውስጥ ሲጨመቅ የሚወጣው ነጭ ውሃ ይጠለልና ከሥሩ የሚረጋው ቡላ ይባላል። ቡላ የእንሰቱ ምርጥ ነው። በቅቤ የተሠራ የቡላ ገንፎ ለአራስና ለደካማ ሰው ይሰጣል፤ ለክብር እንግዳም ይቀርባል።

የቀረው ክፍል በእንሰት ቅጠል በተሸፈነ ጉድጓድ ውስጥ ተጠቅጥቆ፣ በላዩ ቅጠልና ድንጋይ ተጭኖበት እንዲብላላ ይተዋል። በዚህ ጊዜ የሚሠሩት ሊጡን የሚያኮመጥጡ ረቂቅ ነፍሳት ናቸው፤ እነርሱም እርጎን ከሚያረጉት ወገን ናቸው። አሲዱ እየበዛ ሲሄድ ምግቡን የሚያበላሹት ነፍሳት ይሞታሉ፤ ስለዚህ ቆጮ ያለ ምንም ማቀዝቀዣ ለብዙ ወራት፣ አንዳንድ ጊዜም ከዓመት በላይ ይቆያል። የብርዳማው አገር ቆጮ ቀስ ብሎ ይበስላል፤ የሞቃቱ አገር ቶሎ ይደርሳል። ጉድጓዱን መቼ መክፈት፣ መቼ ማገላበጥና ቅጠሉን መለወጥ እንደሚገባ የምታውቀው የቤቱ እመቤት ናት፤ መለኪያዋም አፍንጫዋና ጣቷ ናቸው።

ሊበላ ሲፈለግ የሚበቃው ያህል ከጉድጓዱ ይወጣል፤ ውሃው እስኪጠፋ ይጨመቃል፤ የቀረው ጭረት እንዲቆራረጥ በቢላዋ ደጋግሞ ይከተፋል፤ ከዚያም ይነፋና ይታሻል። በምጣድ ላይ የኮባ ቅጠል ይነጠፋል፤ ሊጡ በላዩ ተዳምጦ በሌላ ቅጠል ይሸፈናል፤ አንደኛው ፊት ሲበስል ይገለበጣል። ሰባት ቤት ጉራጌ ይህን ቂጣ «ውሳ» ይለዋል። ስስ ሆኖ የተጋገረው ዳሩ ይንኮሻኮሻል፤ ወፍራሙ ከውስጥ ልስልስ ነው። መዐዛው ኮምጠጥ ያለ፣ ለማያውቀው እንግዳ የሆነ፣ ለለመደው ግን ቤቱን የሚያስታውስ ነው።

በክትፎው ዝግጅት ውስጥ ከሥጋው በፊት ቢላዋ የሚያርፍበት ቆጮ መሆኑን እዚህ ላይ ልብ ማለት ይገባል። አከታተፍ የሚባለው ጥበብ ለሁለቱም ነው።

ክትፎ

«ክትፎ» የሚለው ቃል «ከተፈ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። ስለዚህ ስሙ የሚናገረው ስለ ሥጋው ሳይሆን ስለ ሥራው ነው፤ ቀጥሎ እንደምናየው የጎመን ክትፎም አለና። ለክትፎ የሚመረጠው ጮማ የሌለበት ቀይ ሥጋ ነው። ጅማቱና ሽፋኑ አንድ በአንድ ይለቀማል፤ ከዚያ በመክተፊያ ላይ በስለታም ቢላዋ እስኪልም ይከተፋል። በማሽን የተፈጨ ሥጋ ይጨፈለቅና ውሃውን ይለቃል፤ በቢላዋ የተከተፈው ግን እርጥበቱን ይዞ ይቆያል። ለዚህ ነው በእጅ የተከተፈውን ሰው የሚመርጠው።

ቅቤው ቀድሞ የተነጠረ ነው። ሲነጠር ኮረሪማ፣ ኮሰረትና ሌላም ቅመም ይገባበታል። በተለይ ኮሰረት የሚባለው ቅጠል ለክትፎ ቅቤ ልዩ መዐዛ የሚሰጠው ነው። ቅቤው በጣባ ላይ ለዘብ ብሎ ሲቀልጥ ሚጥሚጣ፣ ኮረሪማና ጨው ይጨመራል፤ ሥጋውም በዚያ ይታሻል። ቅቤው መሞቅ እንጂ መንተክተክ የለበትም፤ ከተንተከተከ ሥጋውን ይጠብሰዋልና። እንደ በላተኛው ፈቃድ ጥሬ፣ ለብለብ ወይም የበሰለ ሊሆን ይችላል። በሸክላ ጣባ ይቀርባል፤ ከሥሩ ኮባ ይነጠፍለታል፤ በቀንድ ማንኪያ ይበላል። በጎኑ አይብና በቅቤ የተለወሰ ጎመን ይቀመጣሉ፤ ቆጮው ደግሞ በጭልፋ ፋንታ ሆኖ ያነሣዋል።

ጥሬ ሥጋ ስለሚያመጣው በሽታ ዝም ማለት አይገባንም። የኮሶ ትል ከጥሬ የበሬ ሥጋ ወደ ሰው የሚተላለፍ መሆኑ የታወቀ ነው፤ አባቶቻችን የኮሶ አበባ የሚጠጡትም ለዚሁ ነበር። ስለዚህ በሐኪም የተመረመረ ሥጋ መምረጥ ወይም ክትፎውን አብስሎ መብላት ክብሩን አይቀንሰውም።

አሁን የማእዱን ጥበብ ከሌላ ወገን እንመልከተው። ቆጮ ኀይል ሰጪ ምግብ ነው፤ ሆኖም ሰውነት የሚገነባበት ፕሮቲን በውስጡ እጅግ ጥቂት ነው፤ ከመቶው ሁለት እጅ እንኳ በጭንቅ ነው የሚገኘው። ቆጮ ብቻውን የሚበላ ሕፃን ሆዱ ቢሞላም አካሉ ይጎዳል። ሥጋው፣ አይቡና ጎመኑ ይህን ጉድለት የሚሞሉ ናቸው። ሥጋ በየቀኑ በማይገኝበት ቤት አይብና ጎመን፣ ባቄላና ሌላም ጥራጥሬ ቦታውን ይይዛሉ። እናቶቻችን ይህን ያወቁት ከኬሚስትሪ ትምህርት አይደለም፤ ማእዱ ግን በትክክል ያሟላል።

ማእዱ በበዓል ቀን

ለመስቀል ሰሞን ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራና ወደ ወልቂጤ የሚወጣውን የሰው ብዛት ያየ ሰው ነገሩን ያለ ብዙ ማብራሪያ ይረዳዋል። ዓመቱን በሙሉ በንግድ ወይም በቀን ሥራ የከረመው ልጅ ለዚያ ሳምንት ወደ አገሩ ይመለሳል። እናት ከወራት በፊት ቅቤ ማጠራቀም ትጀምራለች፤ የተሻለውን ቆጮ ለዚያ ቀን ታቆያለች። አባት ለበሬው ገንዘብ ያዘጋጃል፤ ጎረቤታሞችም በቅርጫ ይቀናጃሉ።

ከእርዱ ቀን አስቀድሞ የሚውል የጎመን ክትፎ ቀን አለ። ጎመኑ ልክ እንደ ሥጋ ደቅቆ ይከተፋል፤ በቅቤና በሚጥሚጣ ይለወሳል፤ ከአይብ ጋር በጣባ ይቀርባል። ከእርዱ በፊት በሬ ያለውም የሌለውም በእኩል የሚበላው ማእድ ይህ ነው። ቀጥሎ ሥጋው ይመጣል። ይህን ቅደም ተከተል ያስተዋለ ሰው ክትፎ ለመስቃን ገበሬ የየዕለት ምግብ ሳይሆን የዓመት ድካም መደምደሚያ መሆኑን ይረዳል። የየዕለቱ እንጀራ ቆጮ ነው።

ወደ ከተማ፤ ከፒዛም ጋር ስናነጻጽረው

ጉራጌ ወደ አዲስ አበባ መምጣት የጀመረው ከብዙ ጊዜ በፊት ነው። በመርካቶ ንግድ ውስጥ የነበረውን ድርሻ ሁሉም ያውቃል። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ደግሞ ተወላጆቹ ገንዘብ እያዋጡ በራሳቸው ማኅበር ወደ አገራቸው መንገድ ማሠራት ጀመሩ፤ ከዓለም ገና በቡታጅራ በኩል ወደ ወላይታ ሶዶ የሚወስደው መንገድም የዚያ ዘመን ጥረት ፍሬ ነው። መንገዱ ሰውን ብቻ አላመጣም፤ ቆጮና ቅቤም ይዞ መጣ። ከዚህም የተነሣ ክትፎ ቤት የሚባለው የከተማ ቤት ተስፋፋ።

ይህ ታሪክ ከፒዛ ታሪክ ጋር በሦስት ነገር ይመሳሰላል። አንደኛ፣ ሁለቱም መሠረታቸው ቂጣ ነው። ፒዛ የናፖሊ ድኾች በመንገድ ላይ ገዝተው የሚበሉት ርካሽ ቂጣ ነበር። ሁለተኛ፣ ሁለቱም ዛሬ ያለ እርሱ የማይታሰቡትን ቅመም ያገኙት ከሩቅ ነው። ቲማቲም ወደ ኢጣልያ የመጣው ከአሜሪካ ክፍለ ዓለም በ16ኛው መቶ ዓመት ነው፤ የሚጥሚጣው ቃሪያም ትውልዱ ከዚያው አሜሪካ ነው። እንግዲህ «የጥንት» የምንለው ጣዕም በጥንት ላይ የተጨመረ አዲስ ነገር ሊኖርበት ይችላል። ሦስተኛ፣ ሁለቱንም ዝነኛ ያደረጋቸው አገሩን ለቅቆ የወጣ ሰው ነው። የኢጣልያ ስደተኞች ፒዛን ወደ ኒው ዮርክ ወሰዱት፤ እ.ኤ.አ. በ1905 የተከፈተው የሎምባርዲ ቤት የአሜሪካ የመጀመሪያው ፒዛ ቤት ነው ይባላል። የጉራጌ ተወላጆችም ክትፎን ወደ አዲስ አበባ ወሰዱት፤ ከዚያም የኢትዮጵያ ምግብ ቤት ባለበት የውጭ አገር ከተማ ሁሉ ደረሰ።

ምግብ በደረሰበት አገር መልኩን እንደሚለውጥ ፒዛ ራሱ በአገራችን ያሳየናል። በአዲስ አበባ ፒዛ ቤቶች የጾም ፒዛ የሚባል አለ፤ ዐይብ ሳይደረግበት በቲማቲም፣ በሽንኩርት፣ በቃሪያና በሌላ አትክልት ብቻ የሚሠራ ነው። ዐይብ የሌለበት ፒዛ ለናፖሊ ሰው አዲስ አይደለም፤ ረቡዕና ዓርብ ደርሶ በጾም ምክንያት የሚታዘዝ ፒዛ ግን የእኛ አገር ፒዛ ነው።

ክትፎም በከተማ መልኩ ተለውጧል፤ ለውጡም ሁልጊዜ የሚታየን አይመስለንም። በገጠሩ ቤት ብዙው ቆጮ፣ ጥቂቱ ሥጋ ነው። በከተማው ክትፎ ቤት ብዙው ሥጋ፣ ጥቂቱ ቆጮ ነው። አንዳንዱም ቆጮውን ትቶ በእንጀራ ወይም በዳቦ ይበላል። ማእዱ ተገለበጠ ማለት ነው፤ መሠረት የነበረው ማጀቢያ ሆነ። እኛ ራሳችን ከጓደኞቻችን ጋር ለክትፎ ስንቀመጥ «ቆጮው ይቅርብን፤ እንጀራ አምጡልን» የሚል ድምፅ በየጊዜው እንሰማለን፤ አንዳንድ ጊዜም ድምፁ የእኛው ነው።

ከፒዛ ጋር የሚለያየው እዚህ ላይ ነው። የፒዛ መሠረት ስንዴ ነው፤ ስንዴ ደግሞ በዓለም ሁሉ ይገኛል። ናፖሊ አንድ ዓመት ስንዴ ባታመርት ፒዛ አይጠፋም። ቆጮ ግን ከዚህ አገር በቀር የሚተክለው የለም፤ ዱቄቱም በፋብሪካ የሚገዛ ሳይሆን በዓመታት ተከላ፣ በሴቶች ፍቂያና በጉድጓድ ማብላላት የሚገኝ ነው። እንግዲህ የቆጮ ዕድል የተንጠለጠለው በጥቂት ወረዳዎች ጓሮ ላይ ነው።

በማእዱ ላይ ያንዣበበው አደጋ

የመጀመሪያው አደጋ የእንሰት አጠውልግ በሽታ ነው። ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ የተባሉ ሊቃውንት የበሽታውን ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. በ1968 ለዓለም ሳይንስ አስታወቁ። በሽታው የያዘው እንሰት በመጀመሪያ ቅጠሉ ይገረጣል፤ ከዚያ ይጠወልጋል፤ ሲቆረጥ ቢጫ ዝልግልግ ፈሳሽ ያወጣል፤ በመጨረሻም ተክሉ በሙሉ ይሞታል። ዐምስት ዓመት የተጠበቀው ሀብት በጥቂት ሳምንት ይጠፋል። ይኸው በሽታ እ.ኤ.አ. በ2001 በኡጋንዳ ሙዝ ላይ ታይቶ በምሥራቅ አፍሪቃ ብዙ ጥፋት አድርሷል።

መድኀኒት የለውም፤ መከላከያ ግን አለው። በሽታው በአብዛኛው የሚተላለፈው የታመመ ተክል በቆረጠ ቢላዋ ነው። ስለዚህ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ከመሻገር በፊት ቢላዋውን በእሳት መለብለብ፣ የታመመውን ከሥሩ ነቅሎ መቅበር፣ ከብት በታመመ እንሰት መካከል እንዳይገባ መከልከል፣ ችግኝ ከጤነኛ ጓሮ ብቻ መውሰድ ያስፈልጋል። አንዱ ጠንቅቆ ሌላው ቸል ቢል ግን ጥቅም የለውም፤ መላው ጎረቤት አብሮ መሥራት አለበት።

ሁለተኛው አደጋ የመሬት ጉዳይ ነው። ቤተ ሰብ ሲበዛ ማሳው ይጠባል፤ ግጦሽ ሲጠብ ከብት ይቀንሳል፤ ከብት ሲቀንስ ፍግ ይቀንሳል፤ ፍግ ሲቀንስ እንሰቱ ይቀጥናል። በዚያ ላይ ጫትና ባሕር ዛፍ ቶሎ ገንዘብ ስለሚያስገኙ በእንሰቱ ቦታ ይተከላሉ። ገበሬውን ልንወቅሰው አንችልም፤ የትምህርት ቤት ወጪ እንሰቱ እስኪደርስ አይጠብቀውምና። ነገር ግን በጫት ገንዘብ የተገዛ እህል የገበያ ዋጋ ሲወጣ አብሮ ይወጣል፤ በጓሮ የቆመ እንሰት ግን የገበያ ዋጋ አያውቅም።

ሦስተኛው አደጋ የዕውቀቱ ነው። ፍቂያ እጅግ አድካሚ ሥራ ነው። የተማረች ልጅ ከእናቷ ጋር ቀኑን ሙሉ ሳንቃ ላይ ተጎንብሳ እንድትውል መመኘት ለእርሷ ፍትሕ አይሆንም። ስለዚህ መልሱ ሴት ልጅን ወደ ሳንቃው መመለስ ሳይሆን ሳንቃውን ማሻሻል ነው። የእንሰት መፋቂያና መጭመቂያ መሣሪያ ለመሥራት በልዩ ልዩ የአገራችን ተቋማት ሙከራ ተደርጓል፤ ይህ ሙከራ እስከ ገበሬው ጓሮ መድረስ አለበት። የእናቶች አፍንጫና ጣት የሚያውቀው የማብላላት ጥበብ ደግሞ ባለቤቶቹ በሕይወት ሳሉ መጻፍ አለበት። የናፖሊ ሰዎች ይህን ከእኛ ቀድመው አስበውበታል። የናፖሊ ፒዛ አሠራር እ.ኤ.አ. በ2010 በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ተመዘገበ፤ የጋጋሪዎቹም ጥበብ እ.ኤ.አ. በ2017 በዩኔስኮ የሰው ልጅ ቅርስ መዝገብ ገባ። የተመዘገበው ቂጣው ሳይሆን የጋጋሪው እጅ ጥበብ መሆኑን እናስተውል።

መደምደሚያ

ከላይ በዝርዝር እንዳቀረብነው «የቡታጅራ ምግብ ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ አንድ ቃል አይደለም። ላም፣ ፍግ፣ እንሰት፣ ቆጮ፣ ጎመን፣ አይብ፣ ቅቤ፣ በመጨረሻም ክትፎ ነው። ከተማው የወሰደው የመጨረሻውን ነው፤ የቀሩትም ሁሉ ያሉት ጓሮ ውስጥ ነው። ክትፎው የሚወደድ ከሆነ ጓሮውም መወደድ ይኖርበታል።

ለአንባቢዎቻችን ሁለት ነገር እናሳስባለን። የመጀመሪያው ለበላተኛው ነው፤ ክትፎ ቤት ስትቀመጡ ቆጮውን አትመልሱ፤ እያንዳንዱ የተሸጠ ቆጮ አንድ እንሰት እንዲተከል ምክንያት ይሆናልና። ሁለተኛው ለተመራማሪው ነው፤ ከእንሰት አገር የመጣችሁ ተማሪዎች በሚቀጥለው ዕረፍት ወደ ቤታችሁ ስትሄዱ እናታችሁን ጉድጓዱን መቼ እንደምትከፍት፣ በምን እንደምታውቅ፣ ስንት ዐይነት እንሰት በስም እንደምትለይ ጠይቃችሁ ጻፉ። ከጉራጌ፣ ከሲዳማ፣ ከሐዲያ፣ ከከምባታና ከሌላውም እንሰት አብቃይ አገር የሚመጣው ጽሑፍ ጎን ለጎን ሲቀመጥ፣ የተክል ሳይንስ መምህራኖቻችንና የኅብረተሰብ ጥናት ተማሪዎች አብረው የሚሠሩበት መልካም መነሻ ይሆናል።